የሮን በርገንዲን ታሪክ የሚያወራው ማን ነው?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ከቨርጂኒያ ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ደረሰኝ። ላኪው ቀድሞ በአንድ የክልል ቴሌቪዥን ጣቢያ አብረን የሠራን አንጋፋ ዜና አንባቢ ናቸው፤ እርሳቸው ካሜራው ፊት ይቀመጡ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከስቱዲዮው ጥግ ሆኜ የሚያነቡትን ጽሑፍ በፕሮምፕተር፣ ካሜራው ላይ ሆኖ ጽሑፉን ለአንባቢው በሚያሳየው መሣሪያ፣ አሳልፍላቸው ነበር። ያኔም ዛሬም «ጋሼ» ነው የምላቸው። የበዓሉ ምኞት ቶሎ አለቀና የቀረው በሙሉ «አንከርማን» ስለተባለው የአሜሪካ ፊልምና ስለ ዋና ገጸ ባሕርይው፣ ስለ ዜና አንባቢው ሮን በርገንዲ ሆነ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ በዚያ በማታ ዜና ድምፃቸው፣ «ያንን ፊልም እስከ ዛሬ ሳይገባን ነው ያየነው። ተራኪው ሌላ ሰው መስሎን ነው እንጂ የሚያወራው ራሱ ሮን ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእርሱ ጉራ ነው።»

ሐሳቡ እርሳቸው የፈጠሩት አይደለም። ዊል ፌረልና አዳም ማኬይ ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ2004 ለእይታ የበቃው ይህ ኮሜዲ ብዙ ወዳጆች ስላሉት መላ ምቱም ብዙ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ሮን ዜና በሚያነብበት የሳንዲያጎ ከተማ ጣቢያ በቻናል 4 ሲፈጸም የምናየው ነገር ሁሉ የሆነ ሳይሆን ሮን በርገንዲ ከዓመታት በኋላ ስለ ራሱ ያወራው ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ እንዲህ ዓይነቱን መላ ምት ብዙም አልወድም። ኮሜዲ ለሳቅ ሲል የነገሮችን ሥርዓት ይጥሳል፤ የተጣሰውን ሁሉ እየለቀሙ «ለካ እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ቀልዱን እየገደሉ ማስረዳት ይመስለኛል። ይኸኛው ግን አልለቀቀኝም። ፊልሙ ስለ ዜና አንባቢ ነው፤ ከዜና አንባቢ አፍ የሚወጣው ቃል የማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከመላ ምቱ በፊትም በሙያችን ውስጥ የነበረ ነው።

ውሻው ለድቡ የነገረው

ጋሼ ማስረጃቸውን የዘረዘሩት እንደ ዜና አርእስት ተራ በተራ ነበር። የመጀመሪያው ፊልሙ ሲከፈት የሚታየው ጽሑፍ ነው፤ የሚከተለው ታሪክ በእውነተኛ ክስተቶች ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ የተለወጡትም ስሞቹ፣ ቦታዎቹና ክስተቶቹ ብቻ መሆናቸውን ያበሥራል። ሰዉ ሁሉ እዚህ ላይ ስቆ ያልፋል። ጋሼ ግን አልሳቁም። ስሙም ቦታውም ክስተቱም ከተለወጠ ሳይለወጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርሱም አውሪው ነው ባይ ናቸው።

ሁለተኛው የአምስቱ ጣቢያዎች ጠብ ነው። የዜና ቡድኖቹ ከሕንፃ ጀርባ ተገናኝተው በሰንሰለት፣ በዱላ፣ በፈረስ ጭምር ይጋደላሉ፤ አንድ ሰው በእሳት ይያያዛል፤ የአየር ጠባይ አቅራቢው ብሪክ ታምላንድ ባለ ሦስት ጣት ጦር ወርውሮ ሰው ይገድላል። ከዚያ ሁሉም ቢሮው ተመልሶ ስለ ውሎው ይጨዋወታል፤ ሮን ብሪክን ሳትፈለግ አትቀርምና መደበቂያ ፈልግ ብሎ ይመክረዋል፤ ስለ ሟቹ የሚጠይቅ ፖሊስም ዘመድም ግን አይመጣም። ይህን ክፍል ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ በውል አልተከተልኩትም ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አንድ ጣቢያ ብቻ ሲታይበት በኖረ አገር ላደገ ሰው፣ በአንድ ከተማ አምስት ጣቢያ ኖሮ አንባቢዎቹ በተመልካች ቁጥር ደም የሚቃቡ መሆናቸው ራሱ ከጦሩ የማያንስ ተረት ይመስላል።

ሦስተኛውና ጋሼ የማይበገር ያሉት ማስረጃ ውሻው ነው። የሮን ውሻ ባክስተር በአንድ ባለ ሞተር ሳይክል ተመትቶ ከድልድይ ላይ ይወረወራል፤ ሞተ ተብሎ ከተለቀሰለት በኋላ በፊልሙ ማብቂያ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ በሳንዲያጎ መካነ እንስሳት የድቦቹ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል፣ ከድቦቹም ጋር በቋንቋቸው ተነጋግሮ ጌታውን ያስምራል። ንግግሩ የሚገባን ከሥር በሚታየው ጽሑፍ ነው። «ውሻው ለድቡ ምን እንዳለው ማን ሰማ?» ሲሉ ጠየቁ ጋሼ። «በቦታው ውሻ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሮን ከባክስተር ጋር ሲነጋገር ከመጀመሪያው ጀምሮ አይተነዋል።»

እኔም ዝም አላልኩም። ድቦቹ ጉድጓድ የተደረሰው የከተማው ጣቢያዎች በሙሉ ፓንዳ ልትወልድ ነው ብለው መካነ እንስሳቱን ስለ ወረሩት መሆኑን አስታወስኳቸውና ታሪኩን ፈተሽኩ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው የሚካሄደው። ቻይና ለአሜሪካ በስጦታ የላከቻቸው ሁለቱ ፓንዳዎች እ.ኤ.አ. በ1972 የገቡት ሳንዲያጎ ሳይሆን ዋሽንግተን ነው፤ በሳንዲያጎ ፓንዳ ተወልዶ ለማደግ የበቃው በ1999 ነው። ይህ እንግዲህ ለጋሼ ወገን ያደላል፤ ዘመን የሚያምታታ አውሪ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ፓንዳዋ በመጀመሪያው ቅጂ ጭራሽ አልነበረችም። በመጀመሪያ የተቀረጸው የባንክ ዘራፊዎች ታሪክ ነበር፤ ለሙከራ የታየላቸው ተመልካቾች ስላልወደዱት ወጥቶ ሌላ ማብቂያ ተቀረጸ፣ ከወጣው ቁራጭም በዚያው ዓመት ለብቻው በዲቪዲ የተሸጠ ሌላ ፊልም ተሠራ። ስለዚህ ፓንዳዋን ያመጣት የሮን የማስታወስ ችግር ሳይሆን የስቱዲዮው ስጋት ነው ብዬ ላክሁላቸው። መልሳቸው ብዙ አልዘገየም። «ጉረኛ ሲያወራ እንዲሁ አይደለም እንዴ! አድማጭ ካልሳቀለት ወንበዴውን አውጥቶ ፓንዳ ያገባል።»

«ምስሉ አርባ ሰከንድ ነው»

ከዚህ በኋላ የቀረኝ አንድ ተቃውሞ ነበር፤ እርሱ ግን ጠንካራ መስሎኝ ነበር። ሮን ፕሮምፕተሩ ላይ የተጻፈለትን ሁሉ ያነባል፤ ምን እንደሚል ሳያዳምጥ ያነባል። ጣቢያው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዜና አቅራቢነቱን የተጋራችው ቬሮኒካ ኮርኒንግስቶን ጠባቸው ሲበረታ ለሳንዲያጎ ሕዝብ በየምሽቱ በሚያቀርበው መሰናበቻ ፈንታ አስነዋሪ ስድብ ታስገባለታለች፤ እርሱም ያንኑ ፈገግታውን እንደ ለበሰ ይሳደባል፣ ምን እንዳለም አያውቅም። ከተማው ይነሣበታል፣ ከሥራው ይባረራል። ጉረኛ ሰው የራሱን ገድል ሲተርክ ለምን ይህን ያወራል? በድል ላይ ድል የሚደራርብ ሰው፣ የሚያነበውን እንኳ የማያስተውል ባዶ ዕቃ መሆኑን በገዛ አፉ ይመሰክራል?

ይህ ትዕይንት ለእኔ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። ፕሮምፕተር ሥራ ላይ ከዋለበት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ እስከ ሮን ዘመን ድረስ ጽሑፉ የሚተላለፈው በወረቀት ነበር፤ እኛ ስንሠራ በኮምፒዩተር ሆኗል። በአንባቢውና በአሳላፊው መካከል ያለው ነገር ግን ያው ነው። የአንባቢው ዐይን ከአፉ ሁለት መስመር ይቀድማል፤ የእኔ እጅ ደግሞ ትንፋሹን ይከተላል። ጋሼ ፈጠን ካልኩባቸው ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ብድግ ያደርጉ ነበር፤ ተመልካች አያያትም፣ እኔ ግን ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። እንዲህ ሆኖ የሚያነብ ሰው ትርጉሙን ለማሰብ ጊዜ የለውም። የሚያስበው የት እንደሚተነፍስ ነው።

አንድ ማታ አርታኢው ለቪዲዮ ክፍል የጻፈው ማስታወሻ ሳይነሣ ከዜናው ጋር ተያይዞ መጣ። ዜናው ስለ መስኖ ስብሰባ ነበር። ጋሼ የተሳታፊዎቹን ብዛት አነበቡ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ከዚያም ከዜናው ሁሉ ዋነኛው እርሱ የሆነ ያህል ቃላቱን እየለዩ፣ «ምስሉ አርባ ሰከንድ ነው» አሉና ካሜራውን በክብር ተመለከቱ። የካሜራ ባለሙያው የሹራቡን እጅጌ ነከሰ። ከዚያ ቀጣዩ ዜና ገባ። ከተመልካች አንድም ስልክ አልተደወለም። በማግስቱም ማንም አላነሣው። አርባ ሰከንድ የፈጀው ምስል ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ድምፅ ተነግሮ ያልታመነ ነገር አልነበረምና።

ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለማሳጣት አይደለም። ወሬውን ያሠራጩት ራሳቸው ናቸው። በሠርግ ላይ፣ በቡና ላይ፣ አዲስ ጋዜጠኛ በተቀጠረ ቁጥር ይህችን ታሪክ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ በተወራች ቁጥርም ታድጋለች። በእርሳቸው አተራረክ የመስኖው ስብሰባ የአንድ ሚኒስትር ጉብኝት ሆኗል፤ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አድሯል፤ ኃላፊው ሊገሥጽ መጥቶ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ተመልሷል። አርታኢው ደግሞ በቅናት ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ስለዚህ «የራሱን ውርደት ማን ያወራል?» ብዬ ስጽፍላቸው የደረሰኝ መልስ የረጅም ሳቅ ድምፅና አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «እኔስ ምን ሳወራ የኖርኩ ይመስልሻል?»

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ የሚፈረደው ከተነገረው ብቻ ሳይሆን ከአነጋገሩ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜናዎች አንብበዋል፤ ከእነዚህ ሁሉ ሰው በእርሳቸው ስም የሚያስታውሰው መነበብ ያልነበረበትን አንዱን ብቻ ነው። ታዲያ ያቺን እንደ ልጃቸው ቢያሳድጓት ምን ይገርማል? ደግሞም እርሳቸው በሚያወሩት ላይ ጥፋት የለባቸውም። በደለኛ አለ፣ እርሱም አርታኢው ነው። ወደ ፊልሙ ስመለስ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ሮን ሲሳደብ ንጹሕ ነው፤ አያውቅም፣ ተታልሏል፣ ጥፋቱ የቬሮኒካ ነው። ከተባረረ በኋላ ጢሙን አንጨፍርሮ በሙቀት ወተት ይዞ ጎዳና ሲዞር እናዝንለታለን፤ ሕዝቡም ጨካኝ ሆኖ ነው የሚታየን። ውርደት አለ፣ ግን ኀፍረት የለም። ጉረኛ ሰው ውርደቱን የሚተርከው ልክ እንዲህ አድርጎ ነው። ተቃውሞዬ ብዬ የያዝኩት ዞሮ ለጋሼ ምስክር ሆነ።

የብሪክ ሐኪም

ይሁን እንጂ ሌላ መላ ምት አለ፤ እርሱን ሳየው ነው የጋሼን አሳብ መልሼ የተጠራጠርኩት። ስቲቭ ካሬል የተጫወተው ብሪክ ታምላንድ መጀመሪያ ላይ ራሱን ለተመልካች ሲያስተዋውቅ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤቱ 48 መሆኑን እንደሚነግረው ይናገራል። ልብ በሉ፤ ገና የሚነግረው ሐኪም ነው። በ1970ዎቹ የቆመ ሰው ወደ ፊት የሚሆነውን እንዴት አወቀ? ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ተራኪው የየገጸ ባሕርያቱን መድረሻ ሲነግረን ብሪክ አግብቶ 11 ልጆች እንዳፈራ፣ በቡሽ ዋይት ሐውስም ከዋነኞቹ የፖለቲካ አማካሪዎች አንዱ እንደሆነ ያበሥራል። ከእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተነሥተው ብሪክ ሞኝ መስሎ የኖረ ሊቅ ነው፣ እንዲያውም ታሪኩን የሚያወራው እርሱ ነው የሚሉ አሉ።

ያስገረመኝ መደምደሚያቸው አይደለም፤ መንገዳቸው ነው። ብሪክ ትልቅ ቀይ ሻማ መብላቱን ራሱ ሲናገር ሰምተናል። የሚጮኹበት ምክንያት ሳይገባው ከሌሎቹ ጋር ሲጮኽ አይተናል። ይህን ሁሉ «ማስመሰል ነው» ብለው ይጥሉታል። የማይጥሉት አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱን የማናየው ሰው በወፍራም ድምፅ የተናገራትን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር። ማየት ማመን ነው የሚለው ብሂል እዚህ አይሠራም፤ ዐይናቸው ያየውን ክደው ጆሯቸው የሰማውን ይዘዋል።

ፊልሙ ይህን አስቀድሞ ነግሮን ነበር። በመጀመሪያው ደቂቃ ተራኪው የሚለው፣ የኬብል ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት የአካባቢው ዜና አንባቢ የነገሠበት፣ ሰዎችም በቴሌቪዥን የሚሰሙትን ሁሉ ያምኑ የነበረበት ዘመን ነበር ነው። ይህን የሚነግረን ድምፅ ማን ነው? ተዋናይ አይደለም። ቢል ከርቲስ ነው፤ በቺካጎ ለረጅም ዘመን ዜና ያነበበ እውነተኛ ጋዜጠኛ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1966 ይህ ሰው በካንሳስ ቶፒካ ከተማ በአንድ የአካባቢ ጣቢያ ላይ ነበር፤ የሕግ ትምህርቱን ጨርሶ ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ሆኖ ሳለ በባልደረባው ምትክ የገባበት ምሽት ነው። ከባድ አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሊመታ ሲገሠግሥ የሚለው ቃል አጥቶ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ተሸሸጉ!» አለ። በዚያች ቃል ወደ ምድር ቤት ወርደው ነፍሳቸውን ያተረፉ ሰዎች ብዙ እንደሆኑ ይነገራል፤ የሰውዬውም ስም የታወቀው ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

ይህን ሳውቅ መላ ምቶቹ ሁሉ የተሳሳተ ቦታ የሚፈልጉ ሆነው ታዩኝ። ሁሉም በታሪኩ ውስጥ ውሸታም ይፈልጋሉ፤ አንዱ ሮንን ይይዛል፣ ሌላው ብሪክን። ፊልሙ ግን ውሸታም አልቀጠረም። ሰዎችን ከሞት ያዳነውን ያንኑ የታመነ ድምፅ አምጥቶ ሌላ ወረቀት ሰጠው፤ ድምፁም በቶፒካ «ተሸሸጉ» ባለበት ክብደት ብሪክ ዋይት ሐውስ ገባ አለ። አዋጅ ነጋሪ በገበያ መሐል ነጋሪት ጎስሞ «ስማ፣ ስማ» ሲል ቃሉ የእርሱ እንዳልሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማው ነጋሪቱን ነበር። ከርቲስ የሚያነበው የተጻፈለትን ነው፣ ሮንም የሚያነበው የተጻፈለትን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንደኛው የሚያነበውን ያውቃል፣ ሌላኛው አያውቅም የሚለው ብቻ ነው፤ ለሰሚው ግን በዚህም በዚያም ድምፁ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለጋሼ ላክሁላቸው። የሚከራከሩኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተከራከሩኝም። «ታዲያ» አሉኝ፣ «ለዚህ ሰው አንድ እንኳ የራሱ ቃል አትተዪለትም?»

መላ ምቱን ለምን እንደወደዱት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሮን ታሪኩን የሚያወራ ከሆነ፣ ውሸትም ቢሆን፣ የራሱ ነው። ውሻውን ያናገረው፣ ዋሽንቱን ከእሳት ጋር የነፋው፣ ጦርነት የመራው በገዛ ቃሉ ነው። ሌሎች የጻፉለትን ሲያነብ የኖረ ሰው ከወንበሩ ከወረደ በኋላ የሚያገኛት ነፃነት ይህቺ ናት። ጋሼ ይህን በእኔ ፊት በቃል ተናግረውት አያውቁም፤ ግን ከሥራ ከወጡ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ እየረዘመ መምጣቱን ልጆቻቸውም ይናገራሉ።

ለቬሮኒካ የሚቀረው

እንዲያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ልቀበላቸው አልቻልኩም፤ ምክንያቴ ቬሮኒካ ናት። ፌረል የፊልሙን አሳብ ያገኘው ስለ ጄሲካ ሳቪች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሲመለከት ነው። ሳቪች እ.ኤ.አ. በ1972 ፊላዴልፊያ በሚገኝ የአካባቢ ጣቢያ ተቀጠረች፣ ከዚያ ወደ አገር አቀፉ ጣቢያ ኤንቢሲ አደገች፣ በ1983 ገና በወጣትነቷ በመኪና አደጋ ሞተች። በዘጋቢ ፊልሙ ላይ በፊላዴልፊያ አብሯት ዜና ያነበበው ሞርት ክሪም፣ ወንዶቹ ያኔ እንዴት ያስተናግዷት እንደነበር በዚያ በተገራ የአንባቢ ድምፁ ይናገራል፤ ሮን በርገንዲ የተወለደው ከዚያ ድምፅ ነው። ባርባራ ዋልተርስ በ1976 በኤቢሲ የማታ ዜና ከሃሪ ሪዝነር ጎን ስትቀመጥ ሰውዬው ደስ አለመሰኘቱን ተመልካቹ በግልጽ ያይ ነበር። ካንሳስ ሲቲ ላይ ደግሞ ክሪስቲን ክራፍት በመልኳና በአለባበሷ ሰበብ በ1981 ከአንባቢነት ወንበሯ ተነሥታ ክስ መሥርታለች፤ ዳኞች ፈርደውላት ይግባኝ ሰሚው ሽሮባታል።

እንግዲህ ታሪኩ በሙሉ የሮን ወሬ ነው ካልን የእነዚህ ሴቶች ትግል በአንድ ወንድ ጉራ ውስጥ የሚያልፍ ማስጌጫ ይሆናል። በእርግጥ መላ ምቱ አንድ ነገር ይፈታል። ቬሮኒካ ሮንን በዚያ ሁሉ ክፋት ላይ እንዴት እንዲህ ቶሎ ይቅር ትለዋለች የሚለው ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር፤ ከድቦቹ ጉድጓድ ሊያወጣት ዘሎ ገባና ሁሉም ተረሳ። ጉረኛ ቢያወራው ከዚህ የተለየ አያደርገውም። ይህን ከተቀበልን ግን እውነተኛዋ ቬሮኒካ ይቅር አላለችውም ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ውሻና ድብ የደረደረውም ይህን ለመሸፈን ነው። ጋሼ ለሮን ቃል ለማስገኘት የያዙት መንገድ ሰውዬውን ከፊልሙ ይልቅ ያዋርደዋል። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። «ይዋረድ» አሉ፣ «ቬሮኒካም የራሷን ታውራ፤ ማን ከለከላት?» በዚህ ነጥብ ላይ መልስ አልነበረኝም፤ የእርሷን ወገን የሚያወራ ፊልም ቢኖር የመጀመሪያዋ ተመልካች እኔ ነኝ።

ስለ እ.ኤ.አ. 2013ቱ ሁለተኛ ክፍል

የመጨረሻው ክርክራችን በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፤ አሁንም አላለቀም። እንደ ፊልም ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ለመላ ምቶቹ ግን ብዙ ጣጣ ያመጣል። ብሪክ በገዛ ቀብሩ ላይ ተገኝቶ ስለ ራሱ ያለቅሳል፤ ሊቅ ነው የሚሉት ይህን እንዴት እንደሚያስታርቁት እንጃ። ሮን ደግሞ ለጊዜው ዐይኑን ያጣል። ዐይን የሌለው ሰው ፕሮምፕተር አያነብም፤ ማንም ቃል ሊያቀብለው አይችልም። ከዳነ በኋላም ወንበሩ ላይ ተመልሶ በቀጥታ ስርጭት መሐል ዜናውን ትቶ ወደ ትንሽ ልጁ የፒያኖ ዝግጅት ይሄዳል። ጋሼ ለሮን ሲመኙለት የነበረው ይኸው አይደለምን? ማንም ሳይጽፍለት የራሱን ቃል ተናግሮ፣ በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ሄደ። ለመላ ምትዎ ማስረጃ የሚሆነው ይህ ነው፣ ደግመው ይዩት ብዬ መከርኳቸው።

አይተውት ኖሮ ማታውኑ የድምፅ መልእክት ላኩ። ድምፃቸው ተቆጥቷል። ስርጭት ላይ እያለ ከወንበሩ ተነሣ? የአየር ጠባዩ ገና ሳይቀርብ? ዳይሬክተሩ ምን ያስገባ? ቀጥሎ የሚመጣው ዜናስ? ይህን ከዘረዘሩ በኋላ አዲስ መላ ምት አቀረቡልኝ፤ በሁለተኛው ክፍል የምናየው ሮን በርገንዲ ሌላ ሰው ነው፣ እውነተኛው ሳንዲያጎ ቀርቷል። ማስረጃቸውም አንድ ብቻ ነው፦ «ዜናውን ሳይጨርስ የሚነሣ ሰው ዜና አንባቢ አይደለም።»